የሼዱ ቁልፍና የእትዬ ስንቄ ጋን

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እግሩ የዛለ ጋደም ይበል። የምነግራችሁ የመንገድ ተረት ነው፤ የሚሄዱት በተረቱ ውስጥ ያሉት ናቸው እንጂ እናንተ ተቀምጣችሁ ብትሰሙ ማንም አይቀየማችሁም።

ሾላ በር የሚባል የቆላ ቀበሌ አለ። ከወረዳው ከተማ ማልዶ የተነሣ ሰው ገደሉን ሲወርድ ውሎ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። መንግሥት ራሱ ወደዚያ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ከድቶት መንገድ ላይ ይቀራል። ባለፈው ዓመት ግን እንደ ምንም ደረሰ። ለሥራ ፈላጊዎች ተብሎ አንድ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ፤ ሰዉ ሁሉ ሼድ ይለዋል። በበቅሎ ተጭነው የወረዱ የስፌት መኪኖች ሼዱ ውስጥ ተደረደሩ፣ ላስቲክ ለበሱ፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ፣ አጨብጭበን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከርሞ ጥጃ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ቀበሌ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። ከተማ ወጥታ መንግሥት ያዘጋጀውን የስፌት ስልጠናም ወስዳለች፤ ቀሚስ ቀድዳ ትሰፋለች፣ ሱሪ ፈትታ ትገጥማለች። ሙያ አላት፣ ሥራ የላትም። የእናቷ ዓይን ደክሟል፤ እሳት ሲያነዱ እንኳ ምድጃውን በእጃቸው እየዳበሱ ነው። ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ደላላው ደግሞ በየገበያው ቀን ብቅ እያለ፣ «መኪናው ለኅዳር ጽዮን ይነሣል፤ ዓረብ አገር ገብተሽ እናትሽን ታሳክሚያለሽ፤ ቁርጥሽን ንገሪኝ» ይላታል። ሲላት እየሣቀ ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ አይደል የሚባለው። አንጓች መሄድ አትፈልግም። ብትሄድ እናቷን ለማን ትተዋለች? ብትቀርስ ምን ታበላቸዋለች? የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ የዚያን የጓጉንቸር ቁልፍ።

በኅዳር መግቢያ አንድ ቀን ተነሥታ ቁልፉ ወዳለበት ወደ ስንሻው ሄደች። ስንሻው የቀበሌው የሥራ ዕድል ባለሙያ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የደከመው ሰው ነው። ከወረዳ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወረዳ ሲመላለስ ጫማው አልቆ በሽቦ ታስሯል።

«አቶ ስንሻው፣ ቁልፉን ይስጡኝና ልሥራ» አለችው።

«እህቴ፣ ቁልፍ ለአንድ ሰው አይሰጥም። መመሪያው በማኅበር ተደራጁ ነው የሚለው። አምስት ሁኑና ኑ።»

«አራት እኮ ነን። መንታዎቹ አሉ፣ የዲያቆኑ ሚስት አለች፣ እኔ አለሁ።»

«አራት አምስት አይሆንም። ብሰጥሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ነገ ወረዳው ሲጠይቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለና ዓይኑን አሸ።

አንጓች ወጣች። አምስተኛ ሰው ከየት ይምጣ? የሾላ በር ወጣት ከፊሉ ከተማ ገብቷል፣ ከፊሉ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል፣ ከፊሉ ባሕር ተሻግሯል። ሥራ እየፈለገ ቀበሌው ውስጥ የቀረ አንድ ምናለ ብቻ ነው፤ እሱም ማማ ላይ ነው። ማሽላው እሸት ይዟል፤ ዝንጀሮው ከገደሉ ሥር ሆኖ የሰው ዓይን እስኪነቀል ይጠብቃል። ምናለ በአራት እንጨት በተሠራው ማማ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ ሲወነጭፍና ሲጮኽ ድምፁ ተዘግቷል።

«ምናለ፣ ውረድና አምስተኛ ሁንልን!» አለችው ከሥር ሆና። «ስንሻው ያለ አምስተኛ ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ እኔም ያለ ቁልፍ ሥራ የለኝም።»

«ስፌት ጠልቼ መሰለሽ?» አላት በጎርናና ድምፁ። «ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ማን ይጠላል! ግን እኔ ስወርድ እነዚያ ይወጣሉ። የዓመት ቀለባችን ነው። በይ ምትክ ጠባቂ አምጪልኝ። ተረኛው አያ ጥጋቡ ነበሩ፤ ይኸው እንደ ቀሩ ቀሩ።»

አንጓች ወደ አያ ጥጋቡ ሄደች። አያ ጥጋቡን ያገኘቻቸው ሽንኩርት ማሳቸው ውስጥ፣ ጄሪካን ተሸክመው ነው። ከወንዝ ይቀዳሉ፣ አቀበቱን ይወጣሉ፣ ያፈስሳሉ፤ መሬቱ ጠጥቶ ሳይጨርስ ይደርቃል፣ እሳቸው እንደገና ይወርዳሉ።

«አያ ጥጋቡ፣ እባክዎ ማማው ላይ ይውጡልኝ። ምናለ ያለ ጠባቂ ከማማ አልወርድም አለ፤ ስንሻው ያለ አምስተኛ ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ እኔም ያለ ቁልፍ ሥራ የለኝም።»

«አይ ልጄ!» አሉና ጄሪካኑን አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ። «ተራዬን በልቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው የተደበቅኩት። ቦዩ ደርቆ ይኼ ሽንኩርት ገደለኝ። ውሃ በቦዩ ይምጣልኝ እንጂ ማማ ቀርቶ ዋርካ ላይ እወጣልሻለሁ። አባ መልኬን ጠይቂያቸው።»

አባ መልኬ የውሃ አባት ናቸው። በሾላ በር የመስኖ ውሃ የሚለቀውም የሚዘጋውም በእሳቸው ቃል ነው፤ ለማን ሌሊት፣ ለማን ቀን እንደሚደርሰው የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። ቦዩ አፍ ላይ ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። አንጓች ቁልቁል የወረደችውን መንገድ መልሳ ወጣች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች፤ ከዚያ ጀመረች።

«አባ መልኬ፣ ውሃውን ይልቀቁልን። አያ ጥጋቡ ያለ ውሃ ማማ አልወጣም አሉ፤ ምናለ ያለ ጠባቂ ከማማ አልወርድም አለ፤ ስንሻው ያለ አምስተኛ ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ እኔም ያለ ቁልፍ ሥራ የለኝም።»

«ማን ከለከለ?» አሉ አባ መልኬ። «ውሃ የከለከልኩ እንደሆን እሱ ይፍረድብኝ። ነይ እዪው ቦዩን፤ ክረምቱ ደለል ሞልቶት ነው የሄደው። እንዲሁ ብለቀው ቦዩን ንዶ ገደል ይገባል። ደለል ደግሞ በአንድ ሰው አይጠረግም። ደቦ ይውጣና ነገውኑ እለቀዋለሁ። ለጎበዜ ንገሪው።»

ጎበዜ የደቦው አውራ ነው። እሱ «ውጡ» ሲል ሾላ በር ይወጣል፤ እሱ ዝም ሲል ሾላ በር ይተኛል። ደጁ ላይ ዶማ እጀታ ሲያስገባ ደረሰችበት። እዚህ ላይ አንጓች ሰላምታውንም አሳጠረችው።

«ጎበዜ፣ ደቦ አውጣልን። አባ መልኬ ያለ ደቦ ውሃ አልለቅም አሉ፤ አያ ጥጋቡ ያለ ውሃ ማማ አልወጣም አሉ፤ ምናለ ያለ ጠባቂ ከማማ አልወርድም አለ፤ ስንሻው ያለ አምስተኛ ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ እኔም ያለ ቁልፍ ሥራ የለኝም።»

«ዶማ አለ፣ ክንድ አለ፣ ጠላ የለም» አላት ጎበዜ። «ደረቅ ደቦ ጠርቼ ሰው ይሣቅብኝ? የደቦ ጠላ የሚጠመቀው በእትዬ ስንቄ ጋን ነው። ሌላው ጋን ሁሉ ለጽዋ እንጂ ለደቦ አይበቃም።»

«በፕላስቲክ በርሜል ጥመቁታ!»

«በበርሜል የተጠመቀ ጠላ የጠጣ ሰው ዶማ አይይዝም፤ ሆዱን ይዞ ነው የሚውለው።»

«እንግዲያው ጋኑን ለምን አትጠይቃቸውም?»

ጎበዜ ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጆች ልኬ ነበር። በሩን ሳይከፍቱ፣ ጋን የለኝም በሉት አሏቸው። እኔ ራሴ እንዳልሄድ ደግሞ ነገሩን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ሾላ በር ሁሉ ያውቀዋል። የእትዬ ስንቄ አንድ ልጃቸው ደርበው ሥራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገር ሲያቋርጥ በረሃ ላይ ሞቷል። አብረውት የነበሩት ደውለው ወሬው ቀበሌው ገብቷል። በአገሩ ልማድ ግን የልጅ ሞት ለእናት እንደ ገበያ ወሬ አይወረወርም። መርዶ ነው፤ መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። የእትዬ ስንቄ ወንድም ደጋ ናቸው፤ እሳቸው ሳይመጡ አይነገርም ተባለ፤ እሳቸው ደግሞ ታመው ዘገዩ። እስከዚያ ድረስ ሰዉ ፊቱ እንዳያሳብቅበት የእትዬ ስንቄን ደጅ መርገጥ ተወ። ውሃ የሚቀዳው ዞሮ ይቀዳል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ዞሮ ይሳለማል። አንጓችም ስትዞር ነው የሰነበተችው።

ከጎበዜ ደጅ ወጥታ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። እግሯ ነደደ። ከጠየቀቻቸው ማንም ክፉ አልተናገራት፣ ሁሉም እውነቱን ነው፤ ይኼው ነው ይበልጥ ያደከማት። ዓረብ አገር ለመሄድ አንድ እሺ ይበቃል። አገሯ ላይ ቁጭ ብላ ለመሥራት ግን ስንት ሰው እሺ ማለት አለበት! ለደላላው እሺ ልበለውና ልረፍ አለች በልቧ። እናቷ ምድጃውን ሲዳብሱ ታዩዋትና ተነሣች።

በእትዬ ስንቄ በር ላይ ቆማ ፊቷን አበሰች፤ ምንም እንደማታውቅ ሰው ፈገግ ለማለት ሞከረች። አንኳኳች።

«ማን ነው?»

«አንጓች ነኝ፣ እትዬ። እንዴት ሰነበቱ?»

«ምን ፈለግሽ?»

የሰላምታው መልስ አለመምጣቱ አስደነገጣትና ያንን የለመደችውን ከበሩ ውጭ ሆና ለቀቀችው። «ጋኑን እንዲያውሱን ነው። ጎበዜ ያለ ጋን ደቦ አላወጣም አለ፤ አባ መልኬ ያለ ደቦ ውሃ አልለቅም አሉ፤ አያ ጥጋቡ ያለ ውሃ ማማ አልወጣም አሉ፤ ምናለ ያለ ጠባቂ ከማማ አልወርድም አለ፤ ስንሻው ያለ አምስተኛ ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ እኔም ያለ ቁልፍ ሥራ የለኝም።»

በሩ ተከፈተ። እትዬ ስንቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ፀጉራቸው ተላጭቷል። ጉንጫቸው ተነጭቶ ደሙ ደርቋል።

«ጨረስሽ?» አሏት። «እኔንም ጨምሪኝ እንጂ። ስንቄ ያለ ለቅሶ ደራሽ ጋን አልሰጥም አለች በያቸው።»

አንጓች የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች።

«ልጄ ከሞተ ሰነበተ» አሉ እትዬ ስንቄ። «ጓደኛው መጀመሪያ የደወለው ለእኔ ነው። ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታ ላይ ብቻዬን ቆሜ ሰማሁ፤ ብቻዬን ወረድኩ። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እያልኩ በሬን ሳልዘጋ ጠበቅኩ። ማንም የለም። እንዲያውም በደጄ የሚያልፈው ሁሉ መንገድ ቀየረ። ከሞተ ልጅ ጋር ምን የሚያጣላ ነገር ነበራችሁ? እኔስ የማን ለቅሶ ቀርቼ አውቃለሁ? ጠላ ሲያምራችሁ ጊዜ ደግሞ ጋን ብላችሁ ትልካላችሁ።»

«እትዬ… ያልሰሙ መስሎን ነው። ወንድምዎ እስኪመጡ…» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። መንደሩ ሁሉ አልሰማችም ብሎ ሲሸሻቸው፣ እሳቸው ሰምተው ናቁኝ እያሉ ብቻቸውን ፊታቸውን ሲነጩ መሰንበታቸው ገባት።  እግራቸው ሥር ወደቀችና፣ «ወይኔ ደርበው! ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ጮኸች። ለደርበው አለቀሰች፣ ለእሳቸው አለቀሰች፣ ለእናቷ አለቀሰች፣ ቀኑን ሙሉ ለዞረችው ለራሷም አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ጩኸቱ ገደሉን ሞላው። ጎበዜ ዶማውን እንደያዘ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ።

«ማን ንገሪ አለሽ?» ብሎ ጮኸባት። «ያለ ዘመድ፣ ያለ ሽማግሌ፣ በጠራራ ፀሐይ መርዶ ይነገራል? አንቺ ሰው አይደለሽም?»

«ተዋት!» አሉ እትዬ ስንቄ። «ማንም አልነገረኝም። ከእናንተ ሁሉ ቀድሜ ነው የማውቀው። የመጀመሪያዋ ለቅሶ ደራሼ እሷ ናት።»

ጎበዜ ዶማውን ጣለ። ደረቱን መታ። አባ መልኬ ቦዩን ትተው መጡ፤ አያ ጥጋቡ ጄሪካናቸውን ጥለው መጡ፤ ምናለ ማማውን ትቶ መጣ፤ ስንሻው በሽቦ የታሰረ ጫማውን እየጎተተ መጣ። የዚያን ዕለት ዝንጀሮዎቹ ደህና አድርገው በሉ፤ ማንም ወንጭፍ አላነሣባቸውም። ድንኳን ተጣለ፣ ሴቶቹ እዝን ይዘው መጡ፣ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ «እግዜር ያጥናሽ፣ ይቅር በይን» አሉ። በመጨረሻ ወንድምየውም በቅሎ ላይ ተደግፈው ደረሱ፤ የሚነግሩት መርዶ ግን አልቆ ነበር።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ እትዬ ስንቄ አንጓችን አስጠሩዋት። ጋኑ ታጥቦ ደጅ ወጥቷል።

«ውሰዱት» አሏት። «የእኔ ልጅ ሥራ አጥቶ ነው የሄደ። ጋኔ እዚህ ተደፍቶ ቢቀመጥ እሱን አይመልስልኝም። አንቺ ግን እናትሽን እንደ እኔ አታድርጊያት።»

አንጓች እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንዴት እንደፈጠነ እሷ ራሷ አታውቀውም። ስንቄ ጋን ሰጡ፤ ጋኑ ጠላ ያዘ፤ ጠላው ደቦ ጠራ፤ ደቦው ደለል ጠረገ፤ አባ መልኬ ውሃ ለቀቁ፤ ውሃው ሽንኩርት አጠጣ፤ አያ ጥጋቡ እያቃሰቱ ማማ ወጡ፤ ምናለ ድምፁ እንደተዘጋ ከማማ ወረደ፤ መንታዎቹ፣ የዲያቆኑ ሚስት፣ ምናለና አንጓች የኅዳር ጽዮን ዋዜማ አምስት ሆነው ስንሻው ደጅ ቆሙ። ደላላው መንገድ ላይ አግኝቷት «ነገ እኮ ነው መኪናው» ሲላት፣ «መልሱን ስመለስ እነግርሃለሁ» ብላው ነበር ያለፈችው። ቁልፉ እጇ እስኪገባ ማመን ስላቃታት ነው።

ስንሻው ቆጠራቸው። ደግሞ ቆጠራቸው።

«ጥሩ። የማኅበሩ ስም ማን ይባል?»

«ደግሞ ስም?» አለች አንደኛዋ መንታ፤ እህቷ በክርኗ ጎሰመቻት።

«ስም የሌለው ማኅበር ቁልፍ አይወስድም። ያው እንደተለመደው እገሌና ጓደኞቹ በሉት፤ ወረዳው የሚያውቀው እንደዚያ ነው።»

አምስቱ ተያዩ። ሳይነጋገሩ ሁሉም አንጓችን አዩዋት።

«ደርበውና ጓደኞቹ ይባል» አለች።

ስንሻው የቆመችበትን ቦታ አየ። ስሙ የአባል መሆን አለበት ሊል ነው ብለው ጠበቁ፤ አንጓችም ለሌላ ዙር እግሯን አዘጋጀች። የት ይልከን ይሆን፣ ወደ ማን ይሆን አሁን የምንሄደው እያለች ነበር።

«እዚህች ቦታ ቆሞ ነበር» አለ ስንሻው ቀስ ብሎ። «ደርበው። በመጋቢት ነው መሰለኝ። ብቻውን ነበር የመጣው። ሥራ ስጠኝ፣ ስፌትም ቢሆን እማራለሁ፣ ቁልፉን ስጠኝ አለኝ። አንድ ነህ፣ አምስት ሆነህ ና ብዬ መለስኩት።»

አንጓች መንታዎቹን አየች፣ የዲያቆኑን ሚስት አየች። በመጋቢት እነሱም እዚሁ ነበሩ፤ አራት ሆነው አምስተኛ አጥተው ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። ደርበው ብቻውን መጥቶ ብቻውን ተመልሷል፤ ለእነሱም ስለ እሱ ማንም አልነገራቸውም።

ስንሻው ሌላ ነገር አልጠየቀም። ከወንበሩ ተነሣ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፣ በሁለት እጁ ይዞ ሰጣት።

ጓጉንቸሩ ዝጎ ስለነበር ለመክፈት አምስቱም ተራ በተራ ታገሉት። ደላላው ከሼዱ ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀ፣ ጠበቀና ሲመሽበት ገደሉን ወጣ። አንጓች ላስቲኩን ገፍፋ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ መኪናው ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ሥራ የእትዬ ስንቄ ጥቁር ቀሚስ ነበር።

ተረቴም እዚህ ላይ ደከመው። የሰማችሁ ግን ሳትተኙ የጎረቤታችሁን ደጅ ርገጡ።